ላዳን ያኖራት ፍቅር አይደለም

ዛሬ ሥራው ቀዝቀዝ ስላለ ኦበርን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኦበርን አንድ ሽማግሌ ላነሳ ሄድኩ። ጋራዣቸው ክፍት ነው። ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ የኋላዋ በክሪክ ተነስቶ ቆማለች። ሰውዬው ገና ሳይቀመጡ ያስረዱኝ ጀመር። የስልሳዎቹ መኪና ናት፤ ክረምት ከበጋ በየቀኑ የሚነዷት እሷኑ ነው። የፍሪሲዮን ገመዷ ተበጥሶ፣ አዲሱ በፖስታ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ሊጠብቁ ነው። "ጓደኞቼ አብደሃል ይሉኛል" አሉኝ እየሳቁ።

"እኔ ባደግኩበት ከተማ እንዲህ ዓይነት መኪና በየቀኑ የሚነዳ ሰው እብድ አይባልም፤ ባለታክሲ ነው የሚባለው" አልኳቸው። አውርጃቸው ስመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ከ30 ዓመት በላይ የሆነው መኪና የሰብሳቢ ታርጋ ማውጣት ይችላል። ያንን ታርጋ ከለጠፍክ ግን መኪናዋ ለትርዒት፣ ለክለብ ጉዞ፣ ለሰልፍና አልፎ አልፎ ለመዝናኛ ብቻ ናት። ማለትም ጡረታ ወጥታለች። ታኮማ ወርዳችሁ የለሜይን የመኪና ሙዚየም ብታዩ ጡረተኞቹ እያብረቀረቁ ተደርድረዋል። የእኛዎቹ ግን በዚያ ዕድሜያቸው ፒያሳን ይወጡ ነበር። ለምን? ብዙ ሰው "እኛ አሮጌ ነገር ስለምንወድ" ይላል። እኔ አይመስለኝም።

ታሪኩን ከጋራዥ ቋንቋ እንጀምር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ክሪክ፣ ጎማ። አንዱም አማርኛ አልነበረም፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ ካሚዮኑንና መንገዱን ይዞ መጣ፤ በ1941 ተሸንፎ ሲሄድ ግን መፍቻውና የመፍቻው ስም እኛ ዘንድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሴይቼንቶ መጣች። ስሟ በጣሊያንኛ "ስድስት መቶ" ማለት ነው። በ1955 የወጣችው ፊያት 600 ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ 633 ሲሲ ብቻ። ያቺ ትንሽ መኪና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነች። ታላላቆቻችን አምስትና ስድስት ሆነው እንዴት ይገቡባት እንደነበር እነሱው ይንገሯችሁ።

ላዳስ? ላዳ የሩሲያ ልጅ ትመስላለች እንጂ እናቷ ጣሊያናዊት ናት። በ1966 ሶቭየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋዋለችና ቶሊያቲ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተሠራ። ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። መነሻዋ ፊያት 124 ነበረች፤ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመችው። ሩሲያውያኑ ግን እንዳለች አልተቀበሏትም። ለመጥፎ መንገድ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ ቆርቆሮዋን አወፈሩት፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን በከበሮ ለወጡት፤ ባትሪ በብርድ ሲሞት ሞተሩን በእጅ አዙሮ ማስነሻ ብረት ሰጧት። የመጀመሪያዎቹ በ1970 ከፋብሪካ ወጡ። ሳይቤሪያ ይሠራል ተብሎ የታሰበው ሁሉ ለእኛ ኮረኮንችም ሠራ።

ደርግና ሶቭየት ሲወዳጁ ላዳ አገር ውስጥ ገባች። የኔ ግምት ይህ ነው፦ ላዳ እኛ ዘንድ ቶሎ የለመደችው በፖለቲካ ብቻ አይደለም። መካኒኩ ኮፈኗን ሲከፍት ያገኘው የሚያውቀውን ፊያት ነው። ከሞስኮ የመጣችው መኪና የጋራዡን ጣሊያንኛ ቀድማ ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ከ2020 በፊት በነበረው ሕግ ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ያላት መኪና ስትገባ ቀረጥ 35 በመቶ፣ ኤክሳይዝ 100 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ ቅድመ ግብር 3 በመቶ ነበረባት። ብዙ ሰው እነዚህን ይደምራቸዋል። ከቅድመ ግብሩ በቀር ግን አንዱ በሌላው ላይ ይባዛል፤ 1.35 በ2፣ በ1.15፣ በ1.10 ስታባዙት 3.4155 ይመጣል። ቅድመ ግብሩን ስትጨምሩ ወደብ ላይ 10,000 ዶላር የነበረችው መኪና ወደ 34,455 ዶላር ትጠጋለች። ኤክሳይዟ 30 በመቶ የሆነችው እስከ 1,300 ሲሲ ያለችው ትንሿ እንኳ ከ22,500 ዶላር አትወርድም። እንዲህ የተገዛችን መኪና ማን ይጥላታል? ሞተሯ ቢሞት ሞተር ይለወጥላታል፣ ቆርቆሮዋ ቢበላ ይበየዳል።

እዚህ አሜሪካ ነገሩ የተገለበጠ ነው። መኪና ይረክሳል፣ የመካኒክ ሰዓት ይወደዳል። ስለዚህ ለጥገና የሚከፈለው ከመኪናዋ ዋጋ ሲበልጥ ትጣላለች። እኛ ጋ እጅ ርካሽ፣ መኪና ውድ ነው፤ ስለዚህ ትጠገናለች። ኩባም የኖረችው ይህንኑ ነው። ከ1959 አብዮት በፊት የገቡት የአሜሪካ መኪኖች እስከ ዛሬ ሀቫና የሚሄዱት ኩባውያን ሼቭሮሌት ስለሚያመልኩ ሳይሆን እስከ 2011 ድረስ በነጻነት መሸጥ መለወጥ የሚፈቀደው እነዚያኑ ብቻ ስለነበረ ነው። ሐረር የሄደ ደግሞ ፔጆ 404ን ታክሲ ሆና አይቷታል። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈች መኪና በጀጎል ዙሪያ ዘንቢል ተጭናለች።

ግን ሒሳብ ብቻውን መኪና አያስነሳም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። ይህን እኔ ዩኒቨርሲቲ በቀመር ተማርኩት። ቀመሩን አይቶ የማያውቅ መካኒክ ግን ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ የካንዴላውን ቀለም አይቶ፣ ብሎኗን ሩብ ዙር አዙሮ ሲያስተካክለው በዓይኔ አይቻለሁ። መሐንዲስ ተብዬ በዚያ ቀን ያፈርኩትን አልረሳም። ሶማሌ ተራ ያልተገኘው ዕቃ ምናለሽ ተራ ይፈለጋል፤ እዚያም ከጠፋ ይቀረጻል።

ይህን ስል ትዝታ እንዳያሳስተን። እነዚያ መኪኖች ኤርባግ የላቸውም፣ ኤቢኤስ የላቸውም፣ ጭሳቸውን የተነፈሰው ልጅ ነው። ሮም በ1960፣ ቶኪዮ በ1964 ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 በሌሊት ቮልስዋገኑን ሲነዳ ተገልብጦ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። ጥፋቱ የመኪናዋ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ዘወትር ሕይወት የሚያተርፉት ነገሮች በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ አልነበሩም። ላዳ የሚነዳ አባት ምርጫ ቢኖረው ልጆቹን በተሻለ መኪና ይጭን ነበር።

ምርጫው አሁን እየተለወጠ ነው። የ2020ው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የግል መኪና አይገባም ተባለ። ነዳጅ በዶላር ለሚገዛ፣ መብራት ግን ከራሱ ወንዝ ለሚያወጣ አገር ሐሳቡ ስሜት ይሰጣል፤ እኔ አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቆለፈው በብሎን ሳይሆን በይለፍ ቃል ነው። እዚህ አሜሪካ እንኳ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕዝብ በ2012 እና በ2020 ድምፅ ሰጥቶ ነው አምራቾች የመጠገኛ መረጃቸውን ለገለልተኛ ጋራዥ እንዲከፍቱ ያስገደደው። እኛስ? መኪናዋን ስናስገባ መመሪያዋን፣ ሶፍትዌሯንና ሥልጠናውን አብረን ካላስገባን፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በግቢው ሁሉ የቆመ፣ ማንም የማይነካው ቆርቆሮ ይሞላል። ላዳ አርባ ዓመት የኖረችው ማንም ሊፈታት ስለሚችል ነበር።

ስለዚህ ላዳን ያኖራት ፍቅር አይደለም። ሌላ መግዛት አለመቻልና የመካኒኩ እጅ ናቸው። የመጀመሪያው ቢቀር እሰየው። ሁለተኛው ግን በየትም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር እየወረደ ነው።

ሽማግሌው ሲወርዱ የጠየቁኝን ልንገራችሁ። "ይህች ገመድ አዲስ አበባ ብትበጠስ ስንት ቀን ትጠብቃለህ?" አሉኝ። "ጠዋት ብትበጠስ ከሌላ መኪና ገመድ ለክተው ይሠሩላታል፤ ምሳ ሳይደርስ ሥራ ትገባለች" አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው "ያንን ሰው እዚህ ላክልኝ" አሉ።

አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ መካኒክ የነበረ ካለ ዛሬ ደውሉለት። የሚያውቀውን በስልካችሁ ቅዱት። ያላችሁንም ታሪክ ከታች ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ። አሁን ጥሪ መጣ፣ ልሂድ። መንገዳችሁ የቀና ይሁን።