የተቆረጠ ጣት ዋጋ በማን ፊት ይተመናል?

ዓርብ፣ ማርች 24 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ፍርድ ሰጠ። ክፍለ ሀገሩ በዋዜማው ዓመት ያወጣው ሕግ፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ካሣ ይክፈል የሚል ነበር። ዳኞቹ ግን ያላጠፋን ሰው ማስከፈል ንብረቱን ያለ አግባብ መንጠቅ ነው ብለው ሕጉን ሻሩት።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚያው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ትራያንግል በተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ከሕንፃው ስምንተኛ እስከ አሥረኛው ፎቅ ላይ ነበር። አንዱ መውጫ በር ተቆልፏል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ አያልፍም። 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁድና ጣሊያን ወጣት ሴቶች ነበሩ። የፋብሪካው ባለቤቶች በወንጀል ተከሰው በነፃ ተለቀቁ። በ1914 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔሩ ክስ በስምምነት ሲዘጋ ለአንድ ሕይወት የተከፈለው 75 ዶላር ነበር።

ይህ ዋጋ ከየት መጣ? በዘመኑ የተጎዳ ሠራተኛ መደበኛ ፍርድ ቤት ቆሞ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። አሠሪው ደግሞ ሦስት ጋሻ ነበረው፦ «ጉዳቱን ያደረሰው የሥራ ባልደረባህ ነው»፣ «አደጋ እንዳለው እያወቅህ ገብተሃል»፣ «አንተም ቸልተኛ ነበርህ»። ከሦስቱ አንዱ ከተሳካለት ሠራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ክርክሩ በሚንዛዛበት ጊዜ ቤተሰቡ በብድር ይኖራል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የቀረበለትን ይቀበላል።

ኒውዮርክ በ1913 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አዲስ የካሣ ሕግ አወጣች፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1914 ነው። ጥፋተኛው ማነው የሚለው ጥያቄ ቀረ። ሠራተኛው የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ያገኛል፤ አሠሪው ኢንሹራንስ ይገባል። ክርክሩን የሚሰማው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑም እንደ መደበኛ ፍርድ ቤት በማስረጃ ሕግ ጥብቅ ደንቦች አይታሰርም ተባለ።

ይሁንና ሕጉ ብዙም ሳይቆይ በሁለት ለውጦች ተሸረሸረ። ሁለቱም የካሣውን መጠን አልነኩም። የነኩት ክርክሩ የሚሰማበትን መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በ1916 እ.ኤ.አ. የተወሰነው የካሮል ጉዳይ ነው። አንድ በረዶ አመላላሽ ሠራተኛ መጠጥ ቤት በረዶ ሲያደርስ 300 ፓውንድ የሚመዝን ግግር ሆዱ ላይ እንደወደቀበት ለሚስቱና ለሐኪሞች ተናግሮ በቀናት ውስጥ ሞተ። አብረውት የነበሩት ሰዎች አደጋውን አላየንም አሉ፤ በሰውነቱም ላይ የሚታይ ቁስል አልተገኘም። ኮሚሽኑ የሟቹን ቃል አምኖ ለሚስቱ ካሣ ፈረደ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ውሳኔው በሰሚ ሰሚ ብቻ ሊቆም አይችልም፣ ቢያንስ አንድ በሕግ የሚጸና ማስረጃ ያስፈልገዋል ሲል ሻረው። የፍርድ ቤቱ ሥጋት መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ሐሰተኛ ጥያቄም ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ብቻውን ሲሠራ ለተጎዳ ሰው ይህ ደንብ ምን ትርጉም እንዳለው አንባቢ ይገምተው።

ሁለተኛው ለውጥ በ1915 እ.ኤ.አ. የገባ ነው። ሠራተኛውና የኢንሹራንስ ኩባንያው ኮሚሽኑ ሳይሰማቸው በቀጥታ እንዲስማሙ ተፈቀደ። ምክንያቱ ለሰሚው ጥሩ ነበር፦ ፋይል በዝቷል፣ ስምምነት ይፈጥናል፣ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ በአንድ በኩል የሕጉን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ የኩባንያ ሰው፣ በሌላው በኩል ቋንቋውን እንኳ አጥርቶ የማያውቅ ስደተኛ ተቀመጡ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። አገረ ገዢው አል ስሚዝ በ1919 እ.ኤ.አ. ባስደረጉት ምርመራ ብዙ ሠራተኞች ሕጉ ከፈቀደላቸው በታች እንደተከፈላቸው ተገለጠ። በዚያው ዓመት የቀጥታ ስምምነቱ ደንብ ተሻረ።

የዚህን ምጣኔ ሀብታዊ ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ኋላ የመጣ ጥናት ነው። ፕራይስ ፊሽባክና ሾን ካንተር የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በካሣ ሕጎቹ ምክንያት የተጎዱ ሠራተኞች የሚያገኙት ገንዘብ በእጅጉ ጨመረ፤ በአንጻሩ ማኅበር ያልነበራቸው ሠራተኞች ደመወዝ ቀነሰ። እንግዲህ ከካሣው ከፊሉን በየወሩ እያዋጣ የከፈለው ሠራተኛው ራሱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ሰሚ በተፈረመ ወረቀት ካሣው ሲጎድልበት ሁለት ጊዜ ተዘረፈ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 42/1985 እና ተከትለውት በወጡት በ377/1996 እና በ1156/2011 መሠረት፣ የጉዳት ካሣ ክርክር የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን፣ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ይህች ቀን ለምን እንደተቀመጠች የሚገባን የክፍያውን ሰንጠረዥ ስናይ ነው። ለጊዜው ከሥራ የተለየ ጉዳተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት 75 በመቶውን፣ በቀሩት ስድስት ወራት 50 በመቶውን ያገኛል። ከዚያ ያከትማል። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከዓመት በላይ ቢጎተት፣ ሰውየው ቢረታ እንኳ ያን ዓመት ያኖረው ዘመድና አራጣ አበዳሪ ነው።

በበላ ልበልሃ ዘመን አፈ ጮሌ ይረታ ነበር ይባላል። ዛሬ አፈ ጮሌው ቀጠሮ ነው፤ መናገር ሳያስፈልገው ይረታል። የካሣ ሕግ በወጣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስንት ይከፈላል ብለን ነው። የኒውዮርክ ታሪክ ሌላም ጥያቄ ያስከትላል፦ ማን ይሰማል? በምን ማስረጃ? በስንት ቀን? ጣቱ ለተቆረጠበት ሰው የጣቱ ዋጋ ያለው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ነው።