ፒያኖውና ቅኝቱ፤ «ብሔራዊ» የማን ነው?

በቀደም ማታ እዚህ ቴፒ፣ ዶርም ውስጥ፣ ከስልኬ የሾፓንን ማዙርካ ስሰማ አንዱ ጓደኛዬ፣ «የፈረንጅ ለቅሶ! የአገርህ ዜማ ምን አነሰህና ነው?» ብሎ ወረደብኝ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ማዙርካ የፖላንድ ገበሬ ጭፈራ ነበር። ሾፓን በ1830 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከአገሩ እንደወጣ ሳይመለስ በ1849 ፓሪስ ላይ ሞተ። ከሃምሳ በላይ ማዙርካ ሲጽፍ አብዛኛውን የጻፈው በስደት ነው። ናዚዎች ፖላንድን በያዙ ጊዜ፣ በ1940፣ ዋርሶ ያለውን ሐውልቱን አፈረሱ። ለቅሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

የሀንጋሪዎቹ ባርቶክና ኮዳይ ደግሞ ፎኖግራፍ ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ቀዱ፤ የመጀመሪያውን ስብስብ በ1906 አሳተሙ። ባርቶክ በዚህ አልቆመም። የሩማንያውንና የስሎቫኩንም ሰበሰበ። ለዚህም የገዛ አገሩ ብሔርተኞች ዘመቱበት!

ወደ እኛ እንምጣ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ለኦርኬስትራ ጻፈ። ከያሬድ ተነስቶ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋም ሾፓንንና ሹማንን ይጫወታል፤ በዚያው ጣቱ ደግሞ በ2014 በወጣው አልበሙ «አምባሰል»ና «ሰመመን»ን አሰማን። እኔ በበኩሌ «ሰመመን» ይበልጥብኛል።

ታዲያ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እንላለን። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ጠቢቡን አልወቅስም፤ ሰው ያደገበትን ይጽፋል። ግን «ብሔራዊ» ብለን ስንዘጋው የሸኮው፣ የመዠንግሩ፣ የሸካቾው ዜማ የት ገባ? እዚሁ ደቡብ ውስጥ የዶርዜን ዘፈን የሰማ ያውቃል፦ ብዙ ድምፅ በየፊናው ሄዶ ይገጥማል። በዲራሼ ፊላም አንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ ዜማው የሚሞላው በሌሎቹ ትንፋሽ ነው። ኧረ ለመሆኑ፣ ለኦርኬስትራ ከዚህ የቀረበ ምን አለ?

ወዳጄ የዚሁ የቡናው አገር ልጅ ነውና፣ «እስቲ የእናትህን አገር ዘፈን አንድ በለኝ» አልኩት። «ብቻዬን አይሆንልኝም» ብሎ ሳቀ። ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ይዞ ሊመጣ ተቀጣጥረናል፤ እኔም ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃለሁ።