ዱባና ቅል በሰቆጣ ጓሮ

«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የምናነሳው የሰውን ጠባይ ለመለየት ነው። ስለ ተክሎቹ ስናስብ ግን ረጅም ታሪክ ተጠቅልሎበት እናገኛለን።

ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ውኃ ተቀድቶበታል፤ ወተት ተንጦበታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ዮናስን ያስጠለለው ተክልም ቅል ተብሏል። ዱባ ግን እንግዳ ነው። በሜክሲኮ ዋሻ የተገኙ ዘሮች ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ይለማ እንደነበር ይመሰክራሉ። ውቅያኖሱን የተሻገረው ኮሎምበስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1492 ካደረገው ጉዞ በኋላ ነው። እንግዲህ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ በዋግ ምድር ዱባ የቀመሰ ሰው አልነበረም ማለት ነው። የሚገርመው፣ ዐረቦች ከዚያ አስቀድመው ቅልን «ዱባእ» ይሉት ነበር፤ ስሙ ከፍሬው የቀደመ ይመስላል።

እኔ በሰቆጣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከጓሮዬ ጥቂት ጉድጓዶች ቆፍሬ፣ ፍግ ሞልቼ፣ ክረምቱ ሲገባ ዱባ እዘራለሁ። ሐረጉ አጥሩን ይዞ ይወጣል። ወንዴው አበባ ቀድሞ ይፈነዳል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ትከተላለች። ንብ ዱቄቱን ካላደረሰላት ያቺ ፍሬ ጠውልጋ ትረግፋለች። ደግነቱ ዋግ የማር አገር ነው። በደንብ የበሰለና ቅርፊቱ የጠነከረ ዱባ ሳይበላሽ ለወራት ይቀመጣል፤ በጾም ወጥ ይሆናል፤ ፍሬውም ይቆላል።

ይህ ለሰቆጣ ተራ ነገር አይደለም። የ1977ቱ ረሃብ ዋግን ክፉኛ የጎዳ መሆኑን የማያውቅ የለም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ሲምል መሐላውን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። የጓሮ አትክልት ከቃል ኪዳኑ ሥራዎች አንዱ ነው።

ዱባ ብቻውን መቀንጨርን አያጠፋም። ሆኖም ብርቱካናማው ሥጋው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዟል፤ ይህም ለሕፃን ዓይን ብርሃን ነው። ችግሩ ዝናቡ ቶሎ የሚሸሽ መሆኑ ነው። ውኃ የሌለው ጓሮ ቃል ኪዳን አይጠብቅም። የተቀጠረው ዓመት ቀርቧልና፣ ውድ አንባቢ፣ ሰቆጣን ከረሃቡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመሐላዋም ጋር አስታውሳት።