ፍርሃት ሲርቅ፦ ወደ ውኃ የሚዘሉ ውሾች ታሪክ

በ2019 በሰሜን አሜሪካ ሳውንደርስ የሚል ስም የወጣለት የዊፔት ዘር ውሻ ከመድረክ ጫፍ ተነሥቶ ውኃው ላይ እስኪያርፍ ድረስ 11.02 ሜትር በአየር ላይ ተጓዘ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰው ልጅ የርዝመት ዝላይ ክብረ ወሰን አሜሪካዊው ማይክ ፓወል በ1991 በቶኪዮ ያስመዘገበው 8.95 ሜትር ነው። ውሻው ከውኃው ከፍ ካለ መድረክ ስለሚነሣ ንጽጽሩ ትክክለኛ ሚዛን አይሆንም፤ ቢሆንም ክብደቱ በአብዛኛው ከ20 ኪሎ የማያልፍ ፍጥረት ይህን ያህል መወርወሩ ያስደንቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዝላዩ ምክንያት ነው። ውሻው የዘለለው ጅራፍ ፈርቶ ወይም ሥጋ ተመኝቶ አይደለም፤ ባለቤቱ የወረወረለትን መጫወቻ ለመያዝ ነው።

ከመድረክ ወደ ውኃ የመዝለል ውድድር በዕድሜ ወጣት ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው። ጅማሬውም ጨዋታ ሳይሆን እንጀራ ነበር። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በኒውፋውንድላንድ ደሴት የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች የቅዱስ ዮሐንስ የውኃ ውሻ ተብሎ የሚታወቅ፣ ጥቁር፣ ጠጉሩ ውኃ የማያስገባ ውሻ ነበራቸው። ይህ ውሻ ከጀልባ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር እየዘለለ ከመንጠቆ ያመለጠውን ዓሣ ይይዝ፣ የመረቡን ገመድም በጥርሱ ይጎትት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዓሣ መርከቦች ይህን ውሻ ወደ እንግሊዝ አደረሱት። የማልምስበሪ እና የበክሊው መሳፍንት ቤተሰቦች ውሻውን ወደውት፣ በጥይት የወደቀ ዳክዬ ከውኃ አውጥቶ እንዲያመጣ እያለማመዱ አረቡት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ላብራዶር ተብሎ የሚጠራው ዘር ከዚያ ተገኘ። የእንግሊዝ የውሻ ዘር መዝጋቢ የሆነው ኬነል ክለብም በ1903 ለላብራዶር ዕውቅና ሰጠው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከሌላ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በኒውፋውንድላንድ በ1885 በጎችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ወረዳዎች ውሻን እንዲከለክሉ ስለፈቀደ የውሾቹ ቁጥር መነመነ። እንግሊዝም በበኩሏ ከውጭ የሚገባ ውሻ በኳራንቲን እንዲቆይ አዘዘች። የዚህ ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። በዚያ ዘመን የለንደን ነዋሪ ጎዳና ላይ ያገኘውን ውሻ የሚያየው በፍቅር ሳይሆን በሥጋት ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 ጆዜፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት እስካተረፈበት ጊዜ ድረስ በእብድ ውሻ የተነከሰና በሽታው የያዘው ሰው ዕጣው ሞት ብቻ ነበር። እንግሊዝ በውሾች አፍ ላይ ማሰሪያ እንዲደረግ በማስገደድ፣ ባለቤት የሌላቸውን በመሰብሰብና ድንበሯን በመጠበቅ በ1902 በሽታውን ከምድሯ አጠፋች። በ1918 ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ደብቀው ባስገቧቸው ውሾች ቢመለስም በ1922 እንደገና ጠፋ።

ላብራዶር ዕውቅና ባገኘበት በዚያው በ1903፣ በነሐሴ ወር፣ ገና ወጣት ከተማ በነበረችው በአዲስ አበባ ብርቱ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ስለዚህ በሽታና ስለ ባህላዊ ሕክምናው በጻፉት ጥናት እንደሚታየው፣ ሕዝቡ በሽታውን ጥንቱን ያውቀው ነበር፤ መድኃኒቱንም ከዕፅዋትና ከጠበል ሲሻ ኖሯል። በኋላ ዘመናዊው ክትባት አገር ውስጥ መዘጋጀት ሲጀምርም ከበግ አንጎል የሚሠራ ስለነበር፣ የተነከሰ ሰው ለተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ ከ10 ጊዜ በላይ መወጋት ነበረበት። ያን መርፌ የተወጋ ልጅ ካደገ በኋላ ከውሻ ጋር ልጫወት ብሎ አይነሣም።

ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ከውሻ ጋር ያለው ዝምድና በደጃፍ የቆመ ዝምድና ሆኖ ኖረ። ገበሬው ውሻውን መቻል ብሎ ይሰይመዋል፤ በጎቹንና ቤቱን አደራ ይሰጠዋል፤ ታማኝነቱንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያለ ይመሰክርለታል። ነገር ግን ከመድረኩ አያሳልፈውም። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም። በጅቡቲ በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሃብም የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ሆኖም ሁለቱም ሃይማኖቶች በውሻ ላይ ጭካኔን አላስተማሩም። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚተርከው ሐዲስ በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው።

ከዚህ ልማድ ውጪ ሆኖ በሰፊው የሚታወሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ ነው። የቺዋዋ ዘር የሆነው ሉሉ በቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ እንደ ልቡ ይመላለስ፣ ንጉሠ ነገሥቱንም በውጭ አገር ጉብኝቶች ሳይቀር ይከተል ነበር። ሹማምንቱ በውሻው ፊት እንዴት ይሽቆጠቆጡ እንደነበር ብዙ ተወርቷል፤ ከወሬው የትኛው እውነት የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ዘመን ውሻን ያለ ሥጋት አቅፎ መያዝ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ከግቢው አጥር ውጪ ያለው ልጅ ግን ውሻ ሲያይ ድንጋይ ያነሣ ነበር።

በአሜሪካ ያንን ዕድል ለብዙኃኑ ያዳረሰው ክትባት ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ውሾች በብዛት መከተብ ጀመሩ፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም ክትባቱ በሕግ ግዴታ ሆነ። በ2007 የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት ከአሜሪካ መጥፋቱን አስታወቀ። የውኃ ዝላዩ ውድድር የተወለደው በሽታው እየከሰመ በሄደበት በዚህ ዘመን ነው። በ2000 የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሌክ ፕላሲድ ባዘጋጀው ግሬት አውትዶር ጌምስ ላይ ውሾች ከመድረክ ወደ ውኃ ሲዘሉ ተመልካቹ በአድናቆት ተቀበላቸው፤ ዶክዶግስ የተባለው ድርጅትም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በ1984 ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር የቤዝቦል ዋንጫ ያነሣው ሚልት ዊልኮክስ ደግሞ ስፓርኪ ከተባለው ላብራዶሩ ጋር ሲወዳደር ቆይቶ በ2005 አልቲሜት ኤር ዶግስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

የውድድሩ ሥርዓት ቀላል ነው። መድረኩ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከውኃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ውኃውም ቢያንስ 1.2 ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። ርዝመቱ የሚለካው ከመድረኩ ጠርዝ አንሥቶ የውሻው ጅራት ሥር ውኃውን እስከነካበት ድረስ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ውሻውን ከኋላ አስቀምጦ እርሱ ወደ ጠርዙ ይሄድና ይጠራዋል፤ ሌላው መጫወቻውን በአየር ላይ ወርውሮ እንዲያሳድደው ያደርጋል። የወደቀ ዳክዬ ያመጣ የነበረው የላብራዶር ዘር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎልቶ ታየ፤ በኋላ ግን በሰሜን እንግሊዝ የማዕድን ሠራተኞች ለሩጫ ያሳደጉት ቀጭኑ ዊፔት በርዝመት በለጠው። የመኳንንቱ ውሻ በድሆች ውሻ ተሸነፈ ማለት ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ ክብደት ያለው አንድ ደንብ አለ፦ ውሻን ገፍቶ ውኃ ውስጥ መጣል አይፈቀድም። ውኃ የሚፈራ ውሻ ከጥልቁ ዳር ሳይሆን ከዝቅተኛው መውረጃ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ቀን እግሩን ብቻ አርጥቦ ሊመለስ ይችላል። የተገፋ ውሻ ሁለተኛ ወደ መድረኩ አይመለስም፤ ያመነ ውሻ ግን ሳይታዘዝ ይሮጣል። ስለዚህ በሜትር የሚለካው የውሻው ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ውሻውና ሰውየው አንዱ ከሌላው ክፉ እንደማይደርስበት ያላቸው እምነት ጭምር ነው።

ይህ እምነት ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ታሪኩ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ሲሆኑ ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ ከመንደር ውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ አልቋል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

በሆዳን የሚኖር የአማርኛ አንባቢ በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ መድረክም ውኃም አላጣም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ቢያጋጥመው ግን መንገድ ይቀይራል፤ ልጁንም እጇን ይዞ ወደ ጎን ይስባል። አያቱ በአዲስ አበባ፣ የለንደኑም ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ፈሪዎች ስለሆኑ ሳይሆን ፍርሃታቸው እውነተኛ ምክንያት ስለነበረው ነው። በለንደን ምክንያቱ ተወገደ፤ ፍርሃቱም ተከትሎት ሄደ። ውሻ በልጆች ፊት ወደ ውኃ የሚዘልበት መድረክ የተሠራውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከእንጨቱ አስቀድሞ የተቀመጠው መሠረት ክትባት ነበር።