የወፍራሙ ፊደል ታሪክ፤ «ኩፐር ብላክ» እና አገልግሎቱ

ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ በሚጻፍበት መጽሔት ስለ ማተሚያ ፊደል ማውሳት ከመንገድ መውጣት መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የእርሳስ ፊደል ውፍረቱ፣ ቁመቱና ከጎረቤቱ የሚርቅበት ልክ ሁሉ ተሰልቶ የሚቀረጽ የምህንድስና ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1922 ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የቺካጎ ፊደል ሠሪ ድርጅት «ኩፐር ብላክ» የተሰኘውን ወፍራም ፊደል ለገበያ አቀረበ። ቀራጩ ኦስዋልድ ኩፐር (1879–1940) የኦሃዮ ተወላጅ ሲሆን ወደ ቺካጎ የመጣው ሥዕል ሊማር ነበር። ሥዕሉ ግን አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ ፊደል አጣጣል መልሶ ከፍሬድሪክ ጋውዲ ዘንድ ተማረ። በ1904 ከፍሬድ በርትሽ ጋር ድርጅት አቋቁሞ የማስታወቂያ ፊደል በእጁ ይጽፍ ጀመር። ስለዚህ እጁ የተገራው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን በገበያ ጩኸት መካከል ነው።

የፊደሉ መልክ ለዓይን ልስልስ ነው። ጭረቶቹ እጅግ የወፈሩ፣ በጫፎቻቸው ያሉት ትናንሽ እግሮች እንደ ተነፋ ፊኛ የከበቡ፣ በውስጣቸው ያለው ክፍት ቦታም የጠበበ ነው። የ«ኦ» ቅርጽ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። በእኔ አስተያየት የጥንካሬው ምሥጢር ከክብነቱ ላይ ነው። ሹል ማዕዘን ያለው ፊደል በተራ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ይስፋፋና ማዕዘኑ ይደንዝዛል። ኩፐር ግን ማዕዘኑን አስቀድሞ ስላጠፋው ቀለሙ የሚያበላሸው ብዙ ነገር አላገኘም።

ወግ አጥባቂ አታሚዎች ፊደሉን አልወደዱትም፤ ገጽ የሚያጠቁር ባለጌ ፊደል አድርገው ቆጠሩት። ገበያው ግን አልሰማቸውም። ይባስ ብሎ ተፎካካሪው ላንስተን ሞኖታይፕ ኩባንያ በ1925 «ጋውዲ ሄቪፌስ» የተባለውን ወፍራም ፊደል አወጣ። የሣለውም ያው የኩፐር መምህር ነው! መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ገበያ ይሻማ ዘንድ ተቀጠረ ማለት ነው።

በእርሳስ ዘመን ፊደል ለቃሚው አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር ከብረቱ አካል ወሰን አልፎ ሊያቀራርብ አይችልም፤ ካስፈለገው ብረቱን መሞረድ ነበረበት። በ1960ዎቹ በፊልም መልቀምና እየታሸ የሚለጠፍ ፊደል ሲስፋፉ ግን ይህ ገደብ ተነሣ፤ ወፍራሞቹ ፊደሎች ተጠጋግተው፣ አንዳንዴም ተነካክተው ቆሙ። በ1966 የወጣው የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» የሸክላ ሽፋን የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። በ1970ዎቹ ወደ ካናቴራ ደረት ወጣ፤ ከ1995 ጀምሮም ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ ስሙን በዚሁ ቅርጽ ይጽፍበታል።

ጉድለቱም ያው ውፍረቱ ነው። ለአርእስት እንጂ ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም፤ መጠኑ ሲያንስ ቀዳዳዎቹ በቀለም ይደፈናሉ። ይህን መልክ እንዳለ ለግእዝ ፊደል ማልበስ የሚሻም ከባድ ችግር ይገጥመዋል። በእኛ ፊደል «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው በእግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ጭረቱ ወፍሮ የቀለበቷ ቀዳዳ ከተደፈነ ኃምሱ ሳልስ መስሎ ይነበባል፤ በመንገድ ላይ የሚያነበው ሰውም ቃሉን በግምት ይጨርሳል። እንግዲህ ሠዓሊው ጭረቱን ከማወፈሩ በፊት ቀለበቷን ማስፋት፣ ለዚያም ሲል ፊደሉን በጠቅላላው ወደ ጎን መለጠጥ ይኖርበታል።