ትራክተሩ የት ገባ?

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ዕዳ ያቋረጠ ሰው ሲነጋ መኪናውን ደጁ ላይ ሊያጣት ይችላል። ሁከት እስካልተፈጠረ ድረስ አበዳሪው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሰው ልኮ ያስጎትታታል። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት «መኪና አዳኝ» አልተለመደም። ምክንያቱን ፍለጋ እስቲ ወደ 1952 ዓ.ም. እንመለስ። የዚያን ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2851፣ ባለዕዳው ገና ከጅምሩ «ካልከፈልኩ ሥርዓቱን ሳትጠብቅ ውሰደው» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም ይል ነበር።

ባንኮች ከዚህ ያመለጡት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ሥርዓቱን ጥሰው ከሸጡ ለጉዳቱ ኃላፊ ናቸው፤ ግን ንብረቱ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ካሳ ምን ያህል ያጽናናል?

አዋጁ የተፈተነው ጋምቤላ ላይ ነው። በ2000ዎቹ ባለሀብቱ ወደ ጋምቤላ ጎረፈ፤ ልማት ባንክም ለዝናብ እርሻ አበደረ። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመንግሥት ጥናት፣ የአንዱ መሬት በሌላው ላይ ተደርቦ መሰጠቱን አጋለጠ። እንግዲህ ባንኩ ምን ይያዝ? መሬቱ እንደሆነ የመንግሥት ነው፤ ያውም የተደራረበ። የቀረው ትራክተሩና ፒክአፑ ነው፤ እነሱ ደግሞ ይንቀሳቀሳሉ!

ታዲያ እንዴት ይገኛሉ? ፒክአፕ ከሆነ ነገሩ የወረቀት ሥራ ነው። ባንኩ ለመንገድ ትራንስፖርት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፋይሉ ላይ እግድ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስም ማዛወር የለም። ታርጋ ቢቀየር እንኳ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ከዚያ ወዲያ ዋሱ፣ ሾፌሩ፣ ጋራዡ ይጠየቃል። ትራክተር ግን ወደ አዲስ አበባ ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በራሱ ጎማ አይገፋውም፤ ሎቤድ ይፈልጋል። በጎሬና በመቱ በኩል ሎቤድ ላይ ተጭኖ የወጣን ትራክተር ማን ሳያየው ይቀራል? የሚያስቸግረው እዚያው የቀረው ነው። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ጥቁሩ አፈር መንገዱን ይዘጋዋል፤ ማሽኑ ሣር ውስጥ ይዝጋል።

ተገኝቶም ገዢ ይጠፋል። አዋጅ ቁጥር 216/1992 ሁለተኛው ሐራጅ ላይ ገዢ ካልመጣ ባንኩ ራሱ እንዲረከብ ይፈቅዳል፤ ባንክ ደግሞ አያርስም። በ2011 ዓ.ም. ከልማት ባንክ ብድር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የተበላሸ ነበር፤ የጋምቤላው ብቻ አልነበረም እንጂ።

በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትንም መያዣ አደረገ። ላሬና ጂካዎ ላይ የኑዌር ከብት ውኃ እየተከተለ ይዘዋወራል። ሊብሬም ሻንሲም የለው!