ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ሁሉ ጤናማ ነው? የወንጂ ታሪክና የአርሲ ምንጮች

ዝናብ ሲጠፋና ከተማ ውሃ ሲያጥረው ሁላችንም የምንለው «ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር» ነው። ልክ ነን። አዲስ አበባም ገፈርሳና ለገዳዲ አልበቃ ሲሏት የአቃቂን ከርሰ ምድር ውሃ ጨምራለች። እንዲህ ያለ ውሃ በአፈርና በአለት ስለሚጣራ ብዙውን ጊዜ ጀርም ያንሰዋል። ግን በዓይን የማይታይ፣ የማይሸት ነገር ሊይዝ ይችላል።

ይህን ያስተማረችን ከአሰላ ቁልቁል፣ አዋሽ ዳር ያለችው ወንጂ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ እዚያ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ። ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ በለዘ። ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች ወገባቸው ደረቀ፣ አንገት ማዞር አቃታቸው፤ የአንዳንዶቹ ህብለሰረሰር ተጭኖ እግራቸው ከዳቸው። እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ያጠኑት ይህ በሽታ ፍሎሮሲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ምክንያቱ አለቱ ነው። በሸለቆው ውስጥ ውሃው በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ፍሎራይድን የሚያስረው ካልሲየምም ያንሰዋል። በጭላሎና በበዳ ተራሮች የሚዘንበው ግን ቶሎ ምንጭ ሆኖ ስለሚወጣ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሂጦሳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ የደጋው ምንጭ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት እስከ ቆላው የወረደው። አዳማም የአዋሽን ውሃ አጣርታ ወደ መጠጣት ዞራለች።

ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ?

✅ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል።
✅ ቋሚ ጥርስ የሚሠራው በልጅነት ነው። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከተቻለ የምንጭ ወይም በንጽህና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ስጡ።
✅ የልጅዎ ጥርስ ከበለዘ «አይፋቅም» ብላችሁ አትቆጡት፤ የምትጠጡትን ውሃ ጠይቁ።
✅ በሰፈራችሁ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር «ፍሎራይዱ ተለክቷል ወይ?» በሉ።

የበለዘ ቋሚ ጥርስ በራሱ አይነጣም፤ የደረቀ ወገብም በመድኃኒት አይመለስም። ምርመራው ግን ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት ይደረጋል። ቆላ ላሉ ዘመዶቻችሁ አድርሱላቸው።